አሮጌ የስፖርት መኪና መግዛት ዕብደት ነውን?

እቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ምን ላይ እንዳዋለው ከራሱ ቀድሞ የሚያውቀው ሰፈሩ ነው። ቤት ገዛ ከተባለ «ጎበዝ» ይባላል። አገር ቤት ላከ ከተባለ ይመረቃል። አዲስ ቶዮታ በብድር ቢያወጣም «ለሥራው ያስፈልገዋል» ተብሎ ይታለፋል። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያላት መኪና ይዞ ምግብ ቤት በር ላይ ሲወርድ የታየ እንደሆነ ግን ወሬው ይለወጣል። «ሰውዬው ምን ነካው?» ይባላል።

ሰውዬውን ምንም አልነካውም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ሃያና ሃያ አምስት ዓመት ታክሲ የነዳ፣ ወይም ፓርኪንግ ውስጥ የሰው ፖርሽ ሲያቆምና ሲያወጣ የኖረ ጎልማሳ፣ ልጆቹን ኮሌጅ ካስገባ በኋላ ለራሱ አንድ ነገር ቢመኝ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ይህ ሲባል ግን የእቁብ ገንዘብ በላብ የመጣ ነውና በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቀይ ቀለም ተታሎ የሚበተን መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ደግሞ ይኸው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መኪናዋ ሁለተኛ መሆኗ መታወቅ አለበት። በዚህ ረገድ የቨርጂንያ ሕግ ጥሩ አስተማሪ ነው። ዕድሜዋ ከ25 ዓመት ያላነሰ መኪና የአንቲክ ታርጋ ሊወጣላት ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ለዕለት ጉዳዩ የሚነዳው ሌላ ተሽከርካሪ ሊኖረው ይገባል። በዚህ ታርጋ በየቀኑ ሥራ መመላለስ አይፈቀድም፤ ለሽርሽር ከሆነ ከቤት እስከ 250 ማይል ድረስ መሄድ ይቻላል። ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት ምንም ይሁን ምን፣ ነገሩን በትክክል አስቀምጠውታል። አሮጌ መኪና የምትሄድበትን ቀን የምትመርጠው ራሷ ናት፤ የሰኞ ጠዋት የኤርፖርት ሥራ ደግሞ መለዋወጫ እስኪመጣ አይጠብቅም። ያለችውን ደህና መኪና ሸጦ በአሮጌ ስፖርት መኪና የሚተካ ሰው ከመነሻው ተሳስቷል። በብድር የሚገዛትም እንደዚያው።

የሐበሻ ልብ ወደ ጣሊያን መኪና ማዘንበሉ አይቀርም። አዲስ አበባ ጋራዥ ያየ ሰው የመኪናን አካል የሚጠራው በጣሊያንኛ ነው፤ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ኮፈኑ፣ ቺንጋው፣ ላሜራው ሁሉ ከዚያው የመጣ ስም ነው። የፊያት 600 ታክሲ ተሳፍሮ ያደገ ሰው ፊያት 124 ስፓይደርን ሲያይ የልጅነት ጎረቤቱ ሀብታም ሆኖ የመጣ ይመስለዋል። መኪናዋ በእርግጥ ውብ ናት። ፒኒንፋሪና የነደፋት፣ ከ1966 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የተሠራችና በአብዛኛው እዚሁ አሜሪካ የተሸጠች ናት። ይሁን እንጂ የዚያን ጊዜ ላሜራ ከዝገት ጋር አይዋደድም። ክረምት በመጣ ቁጥር መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር አርባና ሃምሳ ዓመት የኖረች መኪና ከላይ ቀለም ተቀብታ ከሥር ወንፊት ሆና ልትገኝ ትችላለች። ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተሠራችው የእንግሊዟ ኤም ጂ ቢም መለዋወጫዋ እንደ ልብ ቢገኝም፣ እሑድን ካርቡራቶር ሲያስተካክል መዋል የሚወድ ባለቤት ትፈልጋለች። እንዲህ ያለ ሰው ካለ ይግዛት። ሌላው ግን «ጊዜ ሳገኝ አሠራታለሁ» እያለ ጋራዡን ለዓመታት አስይዞ ይቀመጣል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስተው ደግሞ ርካሽ ፖርሽ ነው። ከ1982 እስከ 1991 የተሠራችው 944 ግሩም አያያዝ ያላት መኪና ናት፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ታይሚንግ ቺንጋዋ በጊዜው ካልተቀየረና ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተሩም አበቃለት። ሞተሯ ከፊት፣ ካምቢዮዋ ከኋላ በመሆኑ ፍሪሲዮን ለመቀየር ግማሽ መኪና መፍታት ይጠይቃል። ስሟ ፖርሽ ነውና መካኒኩም ሂሳቡን የሚጽፈው በስሟ ልክ ነው። በርካሽ የምትሸጠው የቀድሞው ባለቤት ይህን ሂሳብ ስላየው ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይገዛ? መልሱ ብዙዎችን ላያስደስት ይችላል፤ ማዝዳ ሚያታ ናት። በየካቲት 1989 በቺካጎ የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ለሕዝብ ስትቀርብ የድሮዎቹን የእንግሊዝ ክፍት መኪኖች ጨዋታ ይዛ፣ ዘይት ማንጠባጠባቸውን ትታ የመጣች ነበረች። ያኔ መነሻ ዋጋዋ 13,800 ዶላር ነበር። ጉልበቷ 116 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፤ የዛሬ የቤተሰብ ቫን እንኳ ከዚያ እጥፍ በላይ አለው። ክብደቷ ግን አንድ ሺህ ኪሎ ግድም ስለሆነ ቀርፋፋነቷ አይታወቅም። ስካይላይን ድራይቭ ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው፤ ብዙ ጉልበት ያላት መኪና እዚያ ስታዛጋ ሚያታ ግን በእያንዳንዷ ኩርባ ማርሽ እያስለወጠች ታጫውታለች። ደግሞም ብዙ ናት። እስከ 2016 ድረስ በየትውልዱ የተሠራው ተደምሮ አንድ ሚሊዮን ደርሷል፤ ስለዚህ መለዋወጫዋ አያስጨንቅም። ታይሚንግ ቺንጋዋን በየ60 ሺህ ማይሉ መቀየር ይገባል፤ በመጀመሪያው ትውልድ ላይ ቢበጠስ እንኳ መኪናዋ ትቆማለች እንጂ ሞተሩ አይሰበርም። የመጀመሪያዎቹ ዋጋ ባለፉት ዓመታት ወደ ላይ ወጥቷል። ከ1999 ሞዴል ጀምሮ እዚህ የተሸጠችው ሁለተኛዋ ትውልድ ግን ውበቷ ቢቀንስም ዘወትር በርከስ ያለ ዋጋ ታገኛለች፤ መጋረጃ የምትመስለዋ የኋላ ፕላስቲክ መስኮትም በመስታወት ተተክቶላታል።

ባለቤቱ «ልጆቹስ የት ይቀመጣሉ?» ብትለው ትክክል ናት፤ መቀመጫ የላቸውም። ሥጋቷም ከንቱ አይደለም። እስከ 1993 የተሠሩት የአየር ከረጢታቸው ለነጂው ብቻ ነው፤ ቤልትዌይ ላይ በሁለት ከባድ መኪና መካከል የገባች ሚያታ እጅግ ታንሳለች። ሕፃናት ያሉት ሰው ቢቆይ ይሻለዋል። ልጆቹ ያደጉለት ግን ከባለቤቱ ጋር ብቻውን የሚቀመጥበት ሌላ ስፍራ ምን ያህል አለው?

ለግዢ የተመቸው ወቅት መኸር መጨረሻ ነው፤ ክረምቱን ማሳደሪያ የሌለው ሻጭ ይለሳለሳል። ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት መኪናዋ የማያውቃት መካኒክ ዘንድ ሄዳ መሰቀል አለባት። ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ የሚፈስበት ቀዳዳ ሲደፈን ውሃው ከበሩ ኋላ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን ላሜራ ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። እዚያ ላይ ማግኔት አልይዝ ካለ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። የ1990 እና የ1991 ሞዴሎች ላይ ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ያለው መዘውር እንዳይወላገድ ማስፈተሽ ያስፈልጋል፤ የዚያን ጊዜ አንዳንድ ሞተሮች በዚህ ይታወቃሉ። የጥገና ደረሰኝ ያስቀመጠ ሻጭ በጥቂት መቶ ዶላር ቢወደድም እሱ ይመረጣል።

ሻጩ ቤት እንደተደረሰ ደግሞ ሰላምታው ሳያልቅ እጅን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ ነው። ከሞቀ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቷታል ማለት ነው፤ ምናልባት በብርድ ስትነሳ የምታሰማው ድምፅ ወይም የምታወጣው ጢስ ይኖራል። ያን ጊዜ አመስግኖ ሄዶ በማግስቱ ማለዳ ሳይደውሉ መምጣት ነው።