የሐይቁ ደሴት መምህራን

ስለ አገራችን የትምህርት ታሪክ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ እጩ መምህር ቶሎ የሚጠራው 1900 ዓ.ም.ን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተበት ዓመት ነዋ፤ እሱም ከእኛ ከቀበና በእግር የሚደረስ ነው። ክብሩን አልነካም። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ፤ የመምህራን ማሠልጠኛ በዚያው ግቢ የተጀመረውም በ1936 ዓ.ም. ገደማ ነው። ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ቆመ፣ የአስተማሪ መፍለቂያው ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘገየ ማለት ነው።

አስተማሪን ራሱ የሚያፈልቅ ትምህርት ቤት ግን አገራችን ከዚያ በፊትም ነበራት። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ሐይቅ እስጢፋኖስን እንውሰድ። ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል እንጂ ዱሮ ትንሽ ደሴት ነበረ። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው እዚያ ወንበር ዘረጉ። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስካሁን አለ።

እኔን የሚገርመኝ ታዲያ ተማሪዎቻቸው የሄዱበት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእርሳቸው ተምረው ኋላ ሸዋ ላይ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። አባ ሂሩተ አምላክ ደግሞ ጣና ድረስ ሄደው ዳጋ እስጢፋኖስን እንዳቀኑ ይነገራል። ከደሴት ወደ ደሴት! መኪና የለ፣ አበል የለ፣ የምደባ ደብዳቤ የለ።

በቅኔ ቤት የበሰለው ተማሪ አስነጋሪ እየሆነ ታናሾቹን ያስጠናል። እኛ «የማስተማር ልምምድ» ብለን መጨረሻ ላይ የምንወጣበትን ነገር የቆሎ ተማሪ ገና ሳይጨርስ እየሠራው ያድጋል። መምህራኖቻችን ይህችን ቢያስቡባት ደስ ይለኛል።

ሁሉም ደግ ነበር አልልም። ዳጋን ዛሬም ሴት አትረግጠውም፤ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት እህቶቻችን አንዷም እዚያ ቦታ ባላገኘች ነበር። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለልጃገረዶች የተከፈተው እንኳ በ1923 ዓ.ም. ነው። የቆሎ ተማሪም ለምኖ ነው የሚያድረው፤ መምህር ተርቦ ያስተምር የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም።

ይሁንና ምደባ ሲቃረብ በየመኝታ ክፍሉ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ካዲሳባ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?» እኔ የምለው፣ የማሠልጠኛ ጥራት የሚለካው ስንቱ ከተማ ቀረ ተብሎ ነው ወይስ ተመራቂው በሄደበት ስንት ሌላ አስተማሪ በቀለ ተብሎ?

አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ከዚህ ጋዜጣ ጎን ባዶ ወረቀት ይለጠፍልን። እያንዳንዳችን መጀመሪያ ፊደል ያስቆጠረን ሰው የት ተምሮ የት ድረስ ሄዶ እንዳስተማረ እንጻፍበት። መምህራንም የየራሳቸውን ይጨምሩ።