ስለ ሪህና ስለ ጠርሙሱ መድኃኒት



በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል ብዙ ዘመን ያገለገሉ አጎት አሉኝ። ባለፈው ጥር ሪህ ተነሥቶባቸው ሶደሬ ወስጄአቸው ነበር። ከፍል ውሃው ሲወጡ አጠገባቸው የነበሩ ሰው በጠርሙስ የተበጠበጠ ሥር ሰጡአቸው። ጠጡት፤ በስምንተኛው ቀን አውራ ጣታቸው በረደላቸው። ወዲያው የሐኪሙን ክኒን ጣሉ፤ ወሬውም በመሥሪያ ቤቱ ተሰማና ሦስት ባልደረቦቻቸው ጠርሙስ አስመጡ።

ሪህ ዩሪክ አሲድ የተባለው ነገር በደም ውስጥ ሲበዛና በመገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ ሲሾል የሚመጣ ሕመም ነው። ምንም ባይደረግለት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይበርዳል። እንግዲህ በስድስተኛው ቀን የጉድጓድ ውሃ የጠጣም በስምንተኛው ቀን ይሻለዋል፤ ምስጋናውን ግን ውሃው ይወስዳል። ፍል ውሃውም ቢሆን ሰውነትን ያፍታታል እንጂ ዩሪክ አሲድን ከደም አያወጣም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የአገራችን ቅጠልና ሥር ሁሉ ከንቱ ነው ሲባል ሰምቼአለሁ። ይህን አልቀበልም። ሐኪሞች ዛሬም ለሪህ የሚያዙት ኮልቺሲን የተገኘው የጥንት ባለመድኃኒቶች ከሚያውቁት ኮልቺኩም ከተባለ አበባ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን የኬሚስትሪ ሊቃውንት ለይተው አወጡት፤ ዛሬ የሚሰጠው በሚሊግራም ተለክቶ ነው፤ ከልኩ ካለፈ ይገድላልና። ይኸው መርዝ በአገራችንም በሚበቅለው ግሎሪዮሳ በተባለው ሐረግ ሥር ውስጥ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ በታጠበበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባዩ ጊዜ መርምረውና ለክተው አረጋገጡ እንጂ በመደነቅ ብቻ አልቀሩም።

ጾሙ ተፈትቶ ክትፎና ቢራ በተከተለ ጊዜ (እኛ ደመወዝተኞች ይህን እናውቀዋለን) የአጎቴ ሁለቱም እግሮች አበጡ። ጠርሙሱን እጥፍ አድርገው ጠጡና በትውከትና በተቅማጥ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ ምን እንደ ጠጡ ቢጠይቅ የሥሩን ስም የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

ስለዚህ ሻጩ የተክሉን ስምና መጠኑን በጠርሙሱ ላይ ይጻፍ፤ ገዢውም ከሥሩ ቁራጭ አስቀርቶ ለሐኪሙ ያሳይ። አጎቴ አሁን ክኒናቸውን ይውጣሉ፤ ጠርሙሱ ግን ከአልጋቸው ሥር እንዳለ አውቃለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፤
ከአዳማ