አረንጓዴው ኩሬና የማጥራት ዘመቻ

ከቆቦ ከተማ ዙሪያ እስከ ጎሊና ወንዝ በተዘረጋው የራያ ቆላ፣ የዝናቡ ወቅት አጭርና የማይታመን በመሆኑ፣ ገበሬው በጎርፍ ጠለፋ፣ በጥልቅ ጉድጓድና በኩሬ ውሃ ላይ ተደግፎ ይኖራል። የተጠራቀመው ውሃ ሲሞቅ ዋቅላሚ፣ ማለትም ሥርና ቅጠል ሳይኖረው በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ፣ በተለምዶ አልጌ የሚባለው የውሃ ሕይወት፣ ፊቱን ይሸፍነዋል። የተለመደው መፍትሔ በአካፋ መጥረግ፣ ሲብስም መድኃኒት መጨመር ሲሆን፣ መነሻውም ዋቅላሚን እንደ ወራሪ የሚቆጥር ግምት ነው፤ ዋቅላሚው ግን ኩሬው ውስጥ የተቀለበ ነው።

ቀለቡ ፎስፎረስና ናይትሮጅን ነው። ከማሳ የተረፈው ዳፕና ዩሪያ ማዳበሪያ፣ ውሃ ሊጠጣ የገባው ከብት እበት፣ ጎርፉ ጠርጎ የሚያመጣው አፈር፣ ሁሉም ወደ ኩሬው ይወርዳሉ። ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት፣ ሐይቅ 226 የተባለውን በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው፣ በሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን፣ በአንዱ ብቻ ግን ፎስፎረስ ቢጨምሩ፣ አረንጓዴ የለበሰው ፎስፎረስ ያገኘው ወገን ነበር። የባሕር ኮራል በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎችም ቢሆኑ፣ ዓሣው ከሚበላው በላይ መኖ እየጣሉ መስታወቱን ቢፈቀፍቁ፣ የዋቅላሚው ሽፋን ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቃሉ።

መጥረጉ ፋይዳ የለውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ተዝቆ ዳር ላይ የተከመረው ዋቅላሚ የያዘውን ፎስፎረስ በመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ለኩሬው ያስረክባል፤ ወደ ማሳ ቢወሰድ ደግሞ ጥሩ ብስባሽ በሆነ ነበር። የመድኃኒቱ ጉዳይ ይከፋል። የመዳብ ጨው የሆነው ኮፐር ሰልፌት ካርቦኔት በበዛበት ውሃ ኃይሉ ይደክማል፣ መዳቡ ግን ከደለሉ ጋር ይቀራል፤ በግም ከቤት እንስሳት ሁሉ ለመዳብ መመረዝ እጅግ ተጋላጭ ነው። በቆቃ ግድብ ሐይቅ የሚታወቀው ማይክሮሲስቲስ ዓይነት ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ ከሆነማ፣ ሕዋሱ በመድኃኒቱ ሲፈነዳ መርዙ ወደ ውሃው ይለቀቃል፤ ማፍላትም አያጠፋውም።

በቆቦ ጊራና ሸለቆ በጠብታ መስኖ የሚያለማ ገበሬ ጉዳቱን በእጁ ይነካዋል፤ ቀዳዳው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆነው ጠብታ አውጪ በዋቅላሚ ይደፈናል፣ የቱቦው ጫፍ ሲፈታ ቡናማ አረንጓዴ ዝቃጭ ይተፋል፣ ከመስመሩ ጫፍ ያለው ሽንኩርትም ውሃ ሳያገኝ ይጠወልጋል። ማጣሪያውን ማጠብ ግድ ቢሆንም፣ ኩሬው እስከተቀለበ ድረስ እጥበቱ ማብቂያ የለውም።

ጣና ሐይቅ ላይም በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም የመንቀል የአንድ ወር ዘመቻ ሲካሄድ፣ እምቦጩ በእጅና በማሽን ተነቀለ፤ ከተፋሰሱ እየታጠበ የሚገባው ማዳበሪያና አፈር ግን በነቀላ አይቆምም። የቆቦ ኩሬ ከጣና ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነውና የቀለቡን በር መዝጋት ይቻላል፤ ኩሬው በአጥር ተከልሎ ከብቱ ከራቅ ያለ ገንዳ ቢጠጣ፣ ጎርፉ ወደ ኩሬው ከመግባቱ በፊት ደለሉን የሚጥልበት ትንሽ ጉድጓድ ቢቆፈርለት፣ በኩሬው ላይም ጥላ ቢዘረጋበት፣ ለዋቅላሚው ከፀሐዩም ከማዳበሪያውም የሚደርሰው ጥቂት ይሆናል።