መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ ሞተሩን

ደብረ ብርሃን ላይ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ሲበረታ፣ በሪሞት የሚከፈት የግቢ በር ያላቸው ሰዎች ስሞታ ይበዛል። ማታ በሰላም የተዘጋው በር ጠዋት አልከፈት ይላል። አንዳንዱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል፤ ሌላው ላይ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ በሩ ንቅንቅ አይልም። ያኔ ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ሞተሩ ተቃጥሏል።» ባለሙያ ይጠራል፣ ሞተሩ ይነቀላል፣ አንዳንዴም አዲስ ይገዛል። እኔ ግን ይህ አካሄድ ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ከእነዚህ ብልሽቶች ብዙዎቹ የሚነሡት ከበሩ ነው። ከቀሩትም አብዛኞቹ የመብራት፣ የሪሞት ባትሪ ወይም የሴንሰር ጉዳይ ናቸው። ሞተር ከመንቀላችን በፊት በሩን ብንመረምር ገንዘባችን ይተርፋል፤ ከገንዘብ የሚበልጠው የልጆቻችን ደኅንነትም ይጠበቃል።

በሞተር የሚከፈት የመኪና በር አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ሲ. ጂ. ጆንሰን ወደ ላይ የሚነሣውን የጋራዥ በር እ.ኤ.አ. በ1921፣ የኤሌክትሪክ መክፈቻውን ደግሞ በ1926 እንደ ሠራ ይነገራል። እነሱ ዘንድ በሩ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ እኛ ዘንድ ግን በብዛት የምናየው በሀዲድ ላይ የሚንሸራተት ወይም በማጠፊያ የሚከፈት ከባድ የላሜራ በር ነው። አሠራሩ ቢለያይም መርሁ አንድ ነው፤ ሞተሩ የሚሠራው ሚዛኑን ጠብቆ በቀላሉ የሚሄድን በር ለመግፋት እንጂ የተጣበቀን በር በጉልበት ለመጎተት አይደለም። ጎማው የተሰበረ ጋሪ ፈረስ ቢቀየርለት እንደማይሄድ የደብረ ብርሃን ባለጋሪ ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። የሞተሩን መብራት ከብሬከሩ ማጥፋት፣ ከሞተሩ ጋር የመጣውን የማላቀቂያ ቁልፍ ማዞር፣ ከዚያም በሩን በእጅ መግፋት ነው። ጤነኛ ተንሸራታች በር ከባድ ቢሆንም አንዴ ከተነሣ በኋላ አንድ ሰው ሳይጨነቅ ይገፋዋል። ሁለት ሰው ትከሻውን ሰጥቶ የሚገፋው ከሆነ፣ መሀል ላይ የሚይዘው ቦታ ካለ ወይም የሚጮህ ከሆነ ብልሽቱ ተገኝቷል ማለት ነው። አዲስ ሞተር ቢገጠምለትም በዚያው መንገድ ይቃጠላል። በሩ በእጅ ያለ ችግር ከሄደ ደግሞ ያኔ ወደ ኤሌክትሪኩ መዞር ይቻላል።

በሰሜን ሸዋ በርን የሚያከብዱ ነገሮች ከአየሩና ከመሬቱ የሚመጡ ናቸው። በክረምት ጎርፉ ጭቃና ጠጠር አምጥቶ ሀዲዱ ውስጥ ይተዋል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይከመርበታል። ሀዲዱ የውኃ መውጫ ከሌለው የተጠራቀመው ውኃ በውርጭ ሌሊት በረዶ ይሆንና ሮለሩን ይይዘዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሏት። በእንዲህ ዓይነቱ ብርድ ወፍራም ግራሶ ይደድራል፤ ይባስ ብሎ አቧራውን ሰብስቦ እንደ ሊጥ ያደርገዋል። ሀዲድ መጠረግ እንጂ በግራሶ መሞላት የለበትም፤ ቅባት የሚያስፈልገው ኩሽኔታውና ማጠፊያው ነው።

መረሬ አፈር ባለበት ሰፈር ሌላ ችግር አለ። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ጥልቅ መሠረት ያልተሠራለትን የበር ምሰሶና የሞተር መቆሚያም ይዞት ይንቀሳቀሳል። በሞተሩ ጥርስና በበሩ ላይ በተበየደው ጥርስ መካከል ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር የምትሆን ክፍተት መኖር አለባት። መሬቱ ሲንቀሳቀስ ክፍተቱ ከጠፋ የበሩ ክብደት በሙሉ በሞተሩ ላይ ያርፋል፤ ከሰፋ ደግሞ ጥርሱ እየዘለለ ይበላል። ባለቤቱ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። በዚህ ላይ አንዳንዶቻችን ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ በሩ ላይ ጌጥና ተጨማሪ ላሜራ እናስበይዳለን፤ ሞተሩ የተገዛው ግን ለፊተኛው ክብደት ነበር።

አንኮበር ላይ ደግሞ ተዳፋቱ አለ። የሸዋ ነገሥታት ያንን ተራራ ለመቀመጫነት ሲመርጡ ገደሉ ራሱ ምሽግ ሆኗቸው ነበር። በዚያ ቁልቁለት ላይ ግን ተንሸራታች በር የሚያስገጥም ሰው ሀዲዱ በውኃ ልክ መሠራቱን ቆሞ ማየት አለበት። ያዘነበለ በር ወደ ላይ ሲሄድ ሞተሩን ያደክማል፣ ወደ ታች ሲሄድ ከቦታው አልፎ ይጋጫል። ከሁሉ የሚያስፈራው ቁልፉ ተዞሮ በሩ ከሞተሩ ሲላቀቅ ነው፤ ያኔ ያ ሁሉ ብረት በራሱ ይነጉዳል። እንዲህ ያለውን በር ሰው ሳይዘው ማላቀቅ አይገባም።

በሩ ጤነኛ ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ መብራቱ ነው። የሞተሩ ቦርድ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ካልበራች ፊውዙን ወይም ብሬከሩን ማየት ነው። መብራቷ በርታ ሞተሩ እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠረጠራል። አንዱ የኃይል መውረድ ነው፤ ለ220 ቮልት የተሠራ ሞተር ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ የሚደርሰው ኃይል ሊያንሰው ይችላል። ሁለተኛው ካፓሲተሩ ነው፤ ዋጋው ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ሲሆን ኤሌክትሪሺያን በቀላሉ ይቀይረዋል። «ተቃጥሏል» ተብሎ ከተጣለው ሞተር ውስጥ የካፓሲተር መቀየር ብቻ ያድነው የነበረ ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ። ሞተሩ ደጋግሞ ሠርቶ ድንገት ከቆመ ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ ይኖረዋልና እስኪበርድ መታገሥ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይለኛ ሞገድ ቦርዱን እንዳያበላሸው ማስታገሻ ወይም ስታቢላይዘር ማስገባት ከጥገና ይረክሳል።

ሪሞቱን በተመለከተ መለያው ቀላል ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቁልፍ ሲጫን በሩ ከተከፈተ ሞተሩ ደኅና ነው፤ ችግሩ ሪሞቱ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የባትሪው መድከም ይሆናል፤ ብርድ ደግሞ የደከመን ባትሪ ይብስ ያዳክማል። ሪሞት ሲጠፋ ግን አዲስ አስቀድቶ ዝም ማለት ትክክል አይደለም። የጠፋው ከሞተሩ ማስታወሻ ካልተሰረዘ ያገኘው ሰው የግቢው ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ልግባ። በሩ ይከፈታል፣ አልዘጋ ግን ይላል። ይህ ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው በሩ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ዓይኖች ናቸው። እነዚህ ሴንሰሮች በማይታይ ብርሃን ይተያያሉ፤ መሀላቸው ሰው፣ ውሻ ወይም መኪና ከገባ በሩን ያስቆማሉ ወይም ይመልሳሉ። አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ የማለዳ ውርጭ፣ የአንኮበር ጉም የሚጥለው ጠል፣ በቀጥታ የሚያርፍ የጠዋት ፀሐይ ወይም በመኪና ተገጭቶ መዞር ሊያሳውራቸው ይችላል። መድኃኒቱ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግና አቅጣጫቸውን አስተካክሎ ፊት ለፊት እንዲተያዩ ማድረግ ነው።

አንዳንድ ገጣሚ ግን ይህን አያደርግም። የሴንሰሩን ገመድ ያወጣና ቦርዱ ላይ በቁራጭ ሽቦ ያገናኘዋል። በሩ ወዲያው ይዘጋል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይከፍላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን በመቶ ኪሎዎች የሚመዘነው ያ በር ዓይኑ ጠፍቷል፤ ከፊቱ ያለው ሕፃን ይሁን ነፋስ አይለይም። አሜሪካኖች ይህን የተማሩት በልጆች ሞት ነው። በሞተር በሚዘጉ በሮች ሥር ተይዘው የሚሞቱ ሕፃናት ጉዳይ ሲያስጨንቃቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ሕግ አወጡ፤ ከጥር 1993 ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚመረት መክፈቻ ሁሉ ሰው እንዳይጨፈልቅ የሚከላከል ዘዴ እንዲኖረው አስገደዱ። ሌላ አገር በሕፃናት ሕይወት የተገዛውን ትምህርት እኛ በቁራጭ ሽቦ መሰረዝ የለብንም። ሴንሰሩ ካልሠራ ይቀየር፤ እስኪቀየር ድረስ በሩ በእጅ ይከፈት፣ በእጅ ይዘጋ።

ሴንሰር ብቻም አይበቃም። ተንሸራታች በር በሀዲዱ ጫፍና ጫፍ ጠንካራ ማቆሚያ ከላይም መያዣ ከሌለው ከመስመሩ ወጥቶ ሊወድቅ ይችላል፤ ከሥሩ ላለ ሰው የማምለጫ ጊዜ አይሰጥም። ወደ ላይ የሚነሣ በር ያለው ሰው ደግሞ ሞላውን በፍጹም ራሱ እንዳይነካ። ያ የተጠመዘዘ ብረት የበሩን ክብደት ሁሉ ተሸክሞ የተወጠረ ነው፤ ሲያመልጥ ይገድላል። የተለመደው ሞላ 10,000 ጊዜ ያህል እንዲከፍትና እንዲዘጋ ታስቦ የሚሠራ ስለሆነ፣ በቀን አራት ጊዜ ለሚከፈት በር ከሰባት ዓመት ብዙም አያልፍም።

«ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ባለቤት ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ሽቦና ብየዳ የባለሙያ ሥራ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሆስፒታል የሚያወጣው ባለሙያው አይደለም፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ነው። የማላቀቂያው ቁልፍ የት እንዳለ አባወራው ብቻ ካወቀና እሱ አዲስ አበባ ከሄደ፣ ግቢው እስር ቤት ይሆናል። ቁልፉ ያለበትን ቦታና አጠቃቀሙን እማወራዋም፣ ጥበቃውም፣ የደረሱት ልጆችም ማወቅ አለባቸው።

ገጣሚዎችንም እንዲሁ መጠየቅ መብታችን ነው። ሂሳብ ከመክፈላችን በፊት ሦስት ነገር ፊታችን ያሳዩን፦ በሩ ከሞተሩ ተላቅቆ በእጅ ሲገፋ፣ በሚዘጋበት ጊዜ ካርቶን በሴንሰሮቹ መሀል ሲገባ ቆሞ ሲመለስ፣ ማቆሚያዎቹም በጽኑ ተበይደው። ብየዳና ኤሌክትሪክ የሚያስተምሩ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችንም ሁለቱን ሙያ በአንድ በር ላይ አገናኝተው ቢያስተምሩ እጅግ ይጠቅሙናል፤ ዛሬ በያጁ ሞተሩን አያውቅም፣ ኤሌክትሪሺያኑም ሀዲዱን አያይም፤ ብልሽቱ የሚያድገው በሁለቱ መሀል ነው።

ለዚህ ሁሉ የተሻለው ጊዜ መስከረም ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ ውርጩ ገና አልገባም። ሀዲዱን መጥረግ፣ የውኃ መውጫውን መክፈት፣ ኩሽኔታውን መቀባት፣ ሴንሰሩን በካርቶን መፈተን፣ ቁልፉን ለቤተሰቡ ማሳየት በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ሴንሰራችሁ በሽቦ ተገናኝቶ ከሆነ ግን መስከረምን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሞተሩን አጥፉና በሩን በእጅ ክፈቱ።