የፍቅር ልብ ወለድ ቁም ነገር አይደለም ያለው ማነው?

ባለፈው ሴሚስተር የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አስገቡ ስንባል ‹‹ፍቅር፣ በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ›› የሚል ርዕስ በወረቀት ጽፌ ወደ አንድ መምህር ቢሮ ገባሁ። መምህሩ ወረቀቱን አየት አድርገው ሳቁ። የንቀት ሳቅ አልነበረም፤ አባት በልጁ ነገር እንደሚስቀው ዓይነት ነው። ‹‹ልጄ፣ ፍቅሩማ ማባያ ነው። ቁም ነገሩ የባላባቱ ሥርዓት ነው፤ እሱን ሥሪ›› አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ርዕሴንም ቀየርኩ፤ አሁን የምሠራውም እሱን ነው። ‹‹ማባያ›› የምትለዋ ቃል ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። በዚህች የትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ ብዕር ያነሣሁትም ያችን ቃል ለመሞገት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩን ከአገሬ ልጀምር። ያደግሁት ጅጋ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ ደምበጫን አልፋችሁ፣ ፍኖተ ሰላም ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት ከተማ ናት። ፍኖተ ሰላምን አልፋችሁ ወደ ቡሬ ስትቀጥሉ ደግሞ ማንኩሳ አለች። ማንኩሳ ማለት የበዛብህ አገር ናት፤ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ቤት ያለው እዚያ ነው። በእኛ አካባቢ ሰዎች ‹‹በዛብህ እኮ የእኛው ልጅ ነው›› ሲሉ ብትሰሙ አትደነቁ። በእውነት ኖሮ የሞተ፣ ዘመድ ያለው ሰው አድርገው ነው የሚያወሩለት። ከሚያወሩት ውስጥ መጽሐፉን ገልጠው ያነበቡት ግን ጥቂቶች ናቸው።

እናቴ አንዷ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ፍቅር እስከ መቃብርን ግን በጆሮዋ ‹‹አንብባለች››። በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ በሰፈሩ ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር ትለኛለች። ሴቶቹ የሚቀነጠስ በርበሬያቸውን፣ የሚፈተል ጥጣቸውን ይዘው እዚያ ይሰበሰቡ ነበር። ሥራ ይዘው ካልሄዱ ማን ይለቃቸዋል? እናቴ ያኔ አዲስ ሙሽራ ናት። ዕድሜዋ 13 ነበር።

መምህሩ ርዕሴን ካስቀየሩኝ በኋላ ለእረፍት ቤት ስሄድ እንዲያው ለነገሩ ጠየቅኋት። ‹‹እማ፣ ያ መጽሐፍ ስለምንድን ነው የሚያወራው?›› ስለ ባላባቶቹ ጭቆና ትነግረኛለች ብዬ ነበር። በልጅነቷ የጭሰኛ ቤት ምን እንደሚመስል አይታለችና። እሷ ግን ሥራዋን ሳታቋርጥ ‹‹ስለ ሰብለ ነዋ። የታደለች ናት›› አለችኝ።

‹‹እንዴ! የምትወደው ሰው እጇ ላይ ሞቶባት፣ መንኩሳ የቀረች ሴት ምኗ ነው የታደለ?››

‹‹ቢሞትም ትወጂኛለሽ ወይ ያላት ሰው አግኝታለች። እኔን ማን ጠየቀኝ?››

ከዚያ በኋላ ዝም አለች። እኔም የምለው ጠፋኝ። አባቴ ደግ ሰው ነው፤ እጁን አንሥቶባት አያውቅም። ግን አልጠየቃትም። እሱንም ማንም አልጠየቀው። ሁለት አባቶች ጠላ ቤት ተጨባብጠው የጨረሱት ነገር ነው።

እንግዲህ በእኔ እምነት እናቴ መጽሐፉን ከብዙዎቻችን በተሻለ ተረድታዋለች። እስቲ ታሪኩን በእሷ ዓይን እንየው። በዛብህን ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ስለት አድርገው ሰጡት፤ ሲያድግ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል። ክፋት አይደለም፤ ልጃቸው እንዲኖርላቸው ከመሳሳት ነው። ግን እሱን አልጠየቁትም፤ ሕፃን በምን አፉ ይመልሳል? ሰብለ ወንጌልን ደግሞ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለእሷ የሚመጥን ዘር ሲመርጡላት፣ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ ሲመልሱባት የማግቢያ ዕድሜዋ አለፈ። እሷንም ማንም አልጠየቃትም። የአንደኛውን ዕጣ ስለት ቆረጠው፤ የሌላዋን የዘር ቆጠራ። ከማንኩሳ ወጥቶ በዲማ ጊዮርጊስ የተማረው ልጅ የፊታውራሪን ልጅ ሊያስተምር ተቀጥሮ ሲገባ፣ ሁለት ሳይጠየቁ ያደጉ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀመጡ ማለት ነው። ፍቅራቸው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ‹‹አንተስ ምን ትፈልጋለህ? አንቺስ?›› የተባባሉበት ነገር ነው።

ታዲያ ይህ እንዴት ማባያ ይሆናል? መምህራችን ያሉት የባላባት ሥርዓት እኮ ሌላ ቦታ የለም፤ እዚሁ ፍቅሩ ውስጥ ነው ያለው። ለልጃቸው ዘር የሚቆጥሩት ፊታውራሪና ከገበሬዎቻቸው ጋር የተጣሉት ፊታውራሪ አንድ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሳይጠይቁ እንደሚያዝዙ ሁሉ ገበሬውንም ሳይጠይቁ ያዝዛሉ። ጉዱ ካሣም ‹‹ጉዱ›› የተባለው በንግግሩ ብቻ አይደለም፤ ዘር ሳይቆጥር የወደዳትን ከዝቅተኛ ቤት በማግባቱም ጭምር ነው እንጂ። ስለ ሥርዓቱ በአደባባይ የሚናገረውን በቤቱ ኖሮታል። ፍቅሩን ከመጽሐፉ አውጥታችሁ ጣሉት፤ የሚቀረው የጉዱ ካሣ ትምህርት ብቻ ነው። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ግን በርበሬ የምትቀነጥስ የ13 ዓመት ሙሽራ ሬዲዮ ሥር አያስቀምጥም።

አሁን ደግሞ ወደ ደራሲው ልምጣ። ‹‹የፍቅር ደራሲ›› ሲባል ብዙ ጊዜ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ሥራ ፈት ወጣት ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ተመልከቱ። በ1902 ዓ.ም. ጎዛምን ውስጥ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። የቄስ ልጅ ናቸው፤ እንደ በዛብህ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አልፈዋል። ከዚያ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊውን ትምህርት ተማሩ። ጣልያን ሲወርረን ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማርከው ጣልያን አገር ለዓመታት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ ተወካይ፣ በእንግሊዝ አገር አምባሳደር ሆኑ። የትምህርት ሚኒስትርም፣ የፕላን ሚኒስትርም ነበሩ። ከዚህ በላይ ቁም ነገር ከየት ይመጣል?

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ በ1958 ዓ.ም.፣ በ56 ዓመታቸው ገደማ፣ ጦርነትና ግዞት፣ ሚኒስትርነትና አምባሳደርነት ካዩ በኋላ የመጀመሪያውን ረጅም ልብ ወለዳቸውን ሲያወጡ ‹‹ፍቅር›› ብለው ርዕስ የሰጡት። ስለ ዘመቻ መጻፍ ይችሉ ነበር። ስለ መንግሥት ሥራ መጻፍ ይችሉ ነበር። በኋላ ወንጀለኛው ዳኛን (1974 ዓ.ም.)፣ የልምዣትን (1980 ዓ.ም.) እና ትዝታን (1985 ዓ.ም.) ጽፈዋል። በ1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ግን ሕዝቡ የሸኘው የሰብለንና የበዛብህን አባት ነው። ጅጋ ገበያ ላይ ቆማችሁ ሐዲስ ዓለማየሁ የምን ሚኒስትር ነበሩ ብትሉ የሚመልስላችሁ አታገኙም። ሰብለ ማን ናት ብትሉ ግን እንጨት ተሸካሚዋም ትነግራችኋለች።

እዚህ ላይ ‹‹የዛሬዎቹንስ የፍቅር መጻሕፍት ምን ልትያቸው ነው?›› የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ብዙዎቹ ደካሞች ናቸው። ሀብታም ልጅ፣ ደሃ ልጅ፣ መሐል ላይ የመኪና አደጋ፣ መጨረሻ ላይ ውጭ አገር ሄዶ መታከም። እኔም ዶርም ውስጥ ሌሊት በስልክ መብራት ጨርሼ ጠዋት ታሪኩ የጠፋብኝ መጽሐፍ ብዙ ነው። ግን ጥፋቱ የፍቅሩ አይደለም። ለእኔ መለኪያው ይህ ነው፦ ሁለቱን ሰዎች የለያያቸው ነገር ከኑሮአችን የወጣ ነው ወይስ ደራሲው ገጽ ለመሙላት ያመጣው? በዛብህና ሰብለን የለያያቸው ነገር ጎረቤታችን ቤት አለ። የመኪና አደጋው ግን ከደራሲው ጠረጴዛ ነው የመጣው። ሲሳይ ንጉሡ በሰመመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ፍቅር ሲጽፍ ብዙ አንባቢ ያገኘው ለዚህ ይመስለኛል፤ ተማሪው ራሱን አየበት። ደራሲ በወጣቶች መወደዱ እንደ ነውር ሊቆጠርበት አይገባም።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። የህንድ ፊልም ስናይ ስላደግን ነገሩ ይገባናል። ሻራት ቻንድራ ቻቶፓድያይ በወጣትነቱ ጽፎት በ1917 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ዴቭዳስ ስንት ጊዜ ፊልም ሆኗል! ታሪኩ ግን ቀላል ነው፤ አብረው ያደጉ ሁለት ልጆች፣ ‹‹አይመጥኑንም›› የሚል ቤተሰብ። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ቼታን ባጋት የሚባል፣ የባንክ ሠራተኛ የነበረ ወጣት ደራሲ ተነሣ። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ‹‹ቱ ስቴትስ›› ከተለያየ ክልል የመጡ ተማሪዎች ይዋደዳሉ፤ ወላጆች እምቢ ይላሉ። ሐያስያኑ ቋንቋው ቀላል ነው፣ ሥራው ጥልቀት የለውም ሲሉት፣ የትንንሽ ከተማ ወጣቶች ግን ተሻምተው አነበቡት። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የእሱን ሌላ መጽሐፍ በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ውስጥ ለማስገባት ሐሳብ ሲቀርብ ትልቅ ጭቅጭቅ አስነሥቷል። ባጋትን ከሐዲስ ዓለማየሁ ጋር አላወዳድርም፤ በብዕር አይገናኙም። የሚገናኙት በጥያቄው ነው። ሰብለ በመነኩሴ ልብስ ሸሽታ ትወጣለች፤ የባጋት ልጆች ደግሞ አንሸሽም ብለው ወላጆቻቸውን ሲያግባቡ ይከርማሉ። ሁለቱም ‹‹ማን ጠየቀኝ?›› ነው የሚሉት።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ 18 አደረገው፤ የሁለቱም ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድ እንዲኖርም ያዝዛል። ክልላችንም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። እናቴ በ13 ዓመቷ ስትዳር በድሮውም ሕግ ቢሆን አልደረሰችም ነበር ማለት ነው። ሕጉ ነበረ፤ ሰፈሩ ግን አልሰማውም። ሰፈሩ የሰማው ወጋየሁን ነው።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። ታናሽ እህቴ 10ኛ ክፍል እያለች ሽማግሌ መጣባት። ልጁ ጨዋ፣ ቤተሰቡም የተከበረ፣ በሬም መሬትም ያለው ነው ተባለ። እኔ በስልክ ነው የሰማሁት። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ አባቴም ሊመልስ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ በሽማግሌ ፊት ተናግራ የማታውቀው እናቴ ጠላ መቅዳቷን አቁማ ‹‹ልጅቱ ትጠየቅ›› አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴ ብዙ ቆየና ‹‹አዎ፣ ትጠየቅ›› አለ። ተጠየቀች። ትምህርቴን ልጨርስ አለች። ሽማግሌዎቹም ጠላቸውን ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። እህቴ አሁን 11ኛ ክፍል ናት።

ይህን ያደረገው ፍቅር እስከ መቃብር ነው ብዬ መማል አልችልም። የትምህርት ቤቱም፣ የጤና ሠራተኞቹም፣ የሕጉም ድርሻ አለበት። ግን ያቺን ቃል እናቴ መቼና የት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማች አውቃለሁ፤ ከአንድ ሬዲዮ ሥር ነው።

ስለዚህ ለመምህሮቼም ለጓደኞቼም የምለው አንድ ነገር ነው። የባላባቱን ሥርዓት አስተምሩን፤ እንማረዋለን። ግን የፍቅር ልብ ወለድን ከጓዳ አታስቀሩት። ቢያንስ በልብ ወለድ ኮርሳችን ውስጥ አንድ ሳምንት ይሰጠው፤ ጥሩውንም ደካማውንም አምጥተን በመለኪያ እንለየው። እናንተም ጓደኞቼ ለእረፍት ስትሄዱ እናቶቻችሁን ‹‹ሰብለን ታውቂያታለሽ?›› ብላችሁ ጠይቁ። የምትሰሙትን ጻፉት። ከቤተ መጻሕፍት የማይገኝ ሒስ ነው የምታገኙት።

እኔም ለፋሲካ ስሄድ መጽሐፉን ይዤላት እሄዳለሁ። አንዳንዱን ቀን ለሥራ እየተጠራች ስላመለጣት ያልሰማችው ክፍል አለ። እሷ በርበሬዋን ትቀነጥሳለች፣ እኔ አነባለሁ፣ እህቴም ትሰማለች።

ቸር እንሰንብት።