የማስረጃችን መዝገብ በማን እጅ ይቀመጥ?

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር አይኦኤችኬ ከሚባል የውጭ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ፣ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ ካርዳኖ በተባለው ብሎክቼይን ላይ ለማስመዝገብ መታሰቡ ተነግሮ ነበር። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱም ከተሞች ያሉት ግቢዎቹ ተዘረፉ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያስብ ተማሪ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል፦ ማስረጃችን በሰንሰለቱ ላይ ቢገባ፣ የሰንሰለቱን ሙሉ መዝገብ የሚይዝልን ማን ነው?

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ብሎክቼይን ላይ የገባ አይጠፋም» ይሉናል። የማይጠፋው ግን በየአገሩ ያሉ ሰዎች ቅጂውን በየማሽናቸው ስለያዙ ብቻ ነው። ማሽኑ ኖድ ይባላል፤ ኖድ ሁሉ ግን እኩል አያስታውስም። የኢትሪየም ተራ ኖድ የቅርቡን ሒሳብ ይዞ የቆየውን ያራግፋል። በ2010 ዓ.ም. በአንድ ሒሳብ ውስጥ ምን ነበር ቢባል ወዲያው የሚመልስ አርካይቭ ኖድ ነው።

ይህን ማቋቋም ተአምር አይደለም። ኤሪጎን በሚባለው ፕሮግራም ጥቂት ቴራባይት ይበቃል፤ በጌዝ የቀድሞ አሠራር ግን ከ12 ቴራባይት በላይ ይፈጃል። ዲስኩ ፈጣኑ ኤስኤስዲ ካልሆነ ኖዱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ዋናው ጣጣ ግን መብራት ነው፤ ድንገት ሲጠፋ ዳታቤዙ ሊበላሽና የብዙ ቀን ሥራ ከ«ሀ» ሊጀመር ይችላል። ስለዚህ ባትሪ የግድ ነው። የካርዳኖው ኖድ ብሎኮቹን ሁሉ ቢይዝም በዲስክ ረገድ እጅግ ይቀላል።

«ይህ የኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ልጆች ሥራ ነው፤ የሥነ ጥበብ ተማሪ ምን አገባው?» የሚለንም አለ። ያገባናል እንጂ! አባቶቻችን ርስትና ስጦታን በወንጌል ኅዳግ ይጽፉ የነበረው ማንም ደፍሮ እንዳይፍቀው ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ ምን ያህል ይርቃል? መዝገብን ከፋቂ እጅ መጠበቅ የእኛው ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ በሰንሰለቱ አንታለል። እዚያ መግባት ያለበት ስማችንና ውጤታችን አይደለም፤ ሐሽ የሚባለው የሰነዱ አሻራ ነው። አሻራው ሰነዱ አለመነካቱን ይመሰክራል፤ የጠፋን ሰነድ ግን አያስነሣም።

በ2014 ኮምቦልቻ ላይ ኖድ ቆሞ ቢሆን ኖሮ እሱም ከሌላው ኮምፒውተር ጋር በተዘረፈ ነበር። ከተማው በኅዳር መጨረሻ ሲለቀቅ ግን በአዲስ ማሽን መዝገቡን ሁሉ ከሌሎች ኖዶች መልሶ መቅዳት ይቻል ነበር። ቅጂ የሌለው የሬጅስትራር ፋይል ቢሆንስ ከማን ይቀዳል? እንግዲህ ኅብረታችን ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ሁለት ነገር ይጠይቅልን፦ ለኖዱ በኮምቦልቻ ግቢ ባትሪ ያለው አንድ ክፍል፣ ለሬጅስትራሩ ፋይል ደግሞ ከደሴም ከኮምቦልቻም ውጭ የሚቀመጥ ቅጂ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይመረጥ ከተባለ፣ እኛ ቅጂውን እናስቀድማለን።