ለጀልባችን ካርታ ስንመርጥ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ዕቃ ግዢ ነው። ዕቃው ቻርት ፕሎተር ይባላል። ጀልባ ላይ ከመሪው አጠገብ የሚገጠም ስክሪን ነው። የባሕሩን ካርታ ያሳያል፤ ጀልባዋ በዚያች ቅጽበት የት እንዳለችም ከሳተላይት በሚያገኘው ምልክት ያመለክታል። መኪና ላይ ካለው ጂፒኤስ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ፣ መንገድ ላይ ጉድጓዱ ይታያል፤ ባሕር ላይ ግን ዐለቱ ውሃ ለብሶ ይተኛል።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ትልቅ ውሃ ሲባል የማውቀው ላንጋኖን ነበር፤ እሱንም ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ለማስተርስ ትምህርት ኖርዌይ መጣሁ፣ የሶፍትዌር መሐንዲስ ሆኜ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ልጅ ወለድን። ኦስሎ ያለችው በፊዮርድ ጫፍ ላይ ነው። ፊዮርድ ወደ የብስ ዘልቆ የገባ ጠባብ ባሕር ነው፤ የኦስሎው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በጋ ሲመጣ የከተማው ሰው ግማሹ ውሃ ላይ ነው። እኔም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን፣ አምስት ሜትር ተኩል የምትሆን ያገለገለች ጀልባ ገዛን። ሞተሯ 40 የፈረስ ጉልበት አለው። እዚህ አገር ከ1980 ጀምሮ የተወለደ ሰው ከ25 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ ሞተር ያላት ጀልባ ለመንዳት ፈተና ማለፍ አለበት። ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ያን ቀን ካፒቴን የሆንኩ መሰለኝ።

ባለፈው በጋ አንድ ቅዳሜ የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴ ዋና ስለማትችል ከዳር ሆና ሸኘችን። የካርታ መሣሪያ አልነበረንም፤ ስልኬ ላይ የጫንኩት ካርታ ይበቃል ብዬ ነበር። ስክሪኑ ፊት ለፊታችን ያለውን ውሃ ንጹሕ ሰማያዊ አድርጎ ያሳያል። ፍጥነት ጨመርኩ። ልጄ ድንገት፣ «አባዬ፣ እነዚያ ወፎች ውሃ ላይ ቆመዋል!» አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ወፍ ውሃ ላይ ይዋኛል እንጂ አይቆምም። ከዚያ ግን የተናገረችው ገባኝ፤ ሞተሩንም ወዲያው ቀነስኩ። ወፎቹ የቆሙት ከውሃው ጋር እኩል በሆነ ዐለት ላይ ነበር። ጀልባዋ ስትቆም በመካከላችን የቀረው ምናልባት ሠላሳ ሜትር ነው። በዚያ ፍጥነት ሦስት ሴኮንድ ማለት ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ የስልኩን ካርታ በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። ያኔ ዐለቱ ብቅ አለ፤ ትንሽ የመደመር ምልክት፣ ዙሪያውን አራት ነጥቦች። ካርታው ዐለቱን ያውቀዋል፤ ግን ከርቀት ስለተመለከትኩት ደብቆኝ ነበር።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ብዙ አልተናገረችም። «ዐለቶቹ የት እንዳሉ ሳታውቅ ልጄን ሁለተኛ ይዘሃት አትወጣም» አለች። አልተከራከርኳትም።

ነገሩ ያንገበገበኝ የገዛ ሙያዬ ስለሆነ ነው። በዲጂታል ካርታ ላይ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ቢታይ ስክሪኑ በቁጥርና በምልክት ተሞልቶ ምንም አይነበብም። ስለዚህ ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው፣ «ተመልካቹ ከራቀ ይህን ደብቅ፣ ከቀረበ አሳይ» ብሎ ያዛል። እኔም በሥራዬ እንደዚህ ዓይነት ትእዛዝ እጽፋለሁ። ችግሩ፣ ባዶ ቦታና የተደበቀ ዐለት ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ናቸው።

ይህ ስህተት የጀማሪ ብቻ አይደለም። በኅዳር 2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዓለምን በሚዞረው የቮልቮ የመርከብ ውድድር ላይ የነበረችው ቲም ቬስታስ ዊንድ የምትባል ባለ ሸራ ጀልባ ከሞሪሽየስ ሰሜን ምሥራቅ ባለ የኮራል ዐለት ላይ በሌሊት ወጣች። ዘጠኙም ሰዎች ተረፉ። የተጠቀሙበት ዲጂታል ካርታ ዐለቱን በደንብ የሚያሳየው ሲቀርብ ብቻ ነበር፤ በዚያ ቦታ ደግሞ በበቂ አላቀረቡትም።

ስለዚህ እውነተኛ መሣሪያ ልንገዛ ወሰንን። ሱቅ ስትገቡ ስሞቹ ብዙ ናቸው፤ ጋርሚን፣ ሬይማሪን፣ ላውራንስ፣ ሲምራድ። ሲምራድ መነሻው እዚሁ ኖርዌይ ነው፤ ዊሊ ሲሞንሰን የተባለ መሐንዲስ በ1947 ካቋቋመው የሬዲዮ ድርጅት የመጣ ስም ነው። ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ የስክሪኑን ስፋት ነው። እኔም ባለ 12 ኢንቹ ላይ ዓይኔ ተተከለ።

ያዳኑኝ አንድ አዛውንት ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አገልግለዋል። ብዙዎቻችሁ፣ «ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ነበራት እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ነበራት። የተመሠረተው በ1955 ነው፤ ሲደራጅና ሲሠለጥን ከረዱት መካከል የኖርዌይ ባሕር ኃይል መኮንኖች ነበሩ። ጋሼ፣ «እኔን ያስተማሩኝን ያስተማሯቸው የዚህ አገር ሰዎች ናቸው፤ ብድሩን ለአንተ እከፍላለሁ» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም፣ «ስክሪኑን ተወው። መጀመሪያ ድሮባክን ፈልግበት» አሉኝ።

ድሮባክ ፊዮርዱ በጣም የሚጠብበት ቦታ ነው። እዚያ ኦስካርስቦርግ የሚባል ምሽግ አለ። ሚያዝያ 9 ቀን 1940 ብሉኸር የተባለችውን የጀርመን የጦር መርከብ ያሰጠመው ይህ ምሽግ ነው። ከምሽጉ በስተ ምዕራብ ከ1874 እስከ 1879 በውሃ ውስጥ የተሠራ የድንጋይ ግድብ ተዘርግቷል፤ ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። የተሠራው የጠላት መርከብ በዚያ በኩል እንዳያልፍና ወደ ምሽጉ መድፎች እንዲጠጋ ነው። ጠላት ሄደ፤ ግድቡ ግን አሁንም አለ። ከላይ ለሚያይ ሰው ሰፊና ክፍት ውሃ ይመስላል።

እንግዲህ ፈተናችን ይህ ሆነ። በየሱቁ እየገባን፣ በማሳያው መሣሪያ ላይ ድሮባክን አውጥተን፣ ግድቡ እስኪጠፋ ድረስ ካርታውን ማራቅ። ሻጮቹ ግራ ተጋቡ። ውጤቱ ግን አስገረመኝ። ውድና ሰፊ ስክሪን ባለው አንዱ መሣሪያ ላይ ግድቡ ቶሎ ጠፋ። ግማሽ ዋጋ ባለው ሌላ ላይ ግን ብዙ ቆየ፤ የሚታየውን ዝርዝር መጠን ራሳችን የምናስተካክልበት ምርጫም ነበረው። የጀልባችንን ልክ ነግረነው፣ ከሁለት ሜትር በታች ጥልቀት ያለውን ሁሉ በደማቅ ቀለም እንዲቀባልን ማድረግም ይቻላል።

ሌሎቹን መመዘኛዎች ባጭሩ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ስክሪኑን ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ እዩት፤ ሱቅ ውስጥ የማያምር ስክሪን የለም። ሁለተኛ፣ እጃችሁን አርጥባችሁ ሞክሩት። በጣት ብቻ የሚሠራ ስክሪን ውሃ ሲረጭበት ይደናበራል፤ ስለዚህ ቁልፍ ያለውን መረጥን። ሦስተኛ፣ ውስጡ ያለው ካርታ የየትኛው አካባቢ እንደሆነና እንዴት እንደሚታደስ ጠይቁ። የኖርዌይን የባሕር ካርታ የሚያዘጋጀው ካርትቬርኬት የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ካርታ በየጊዜው ይታረማል፤ የማይታደስ ካርታ ደግሞ ያረጃል።

አራተኛው የጥልቀት መለኪያው ነው። ከጀልባዋ ሥር ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ከወለሉ ነጥሮ ሲመለስ ጊዜውን ይቆጥራል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1500 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ከሴኮንድ መቶኛው በሁለት እጥፍ ከተመለሰ፣ ደርሶ መልሱ 30 ሜትር፣ ጥልቀቱ 15 ሜትር ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን አትሳሳቱ፤ የሚያየው ከሥራችሁ ያለውን እንጂ ከፊታችሁ ያለውን አይደለም። ያን ቀን ቢኖረኝ ኖሮ ዐለቱን የሚነግረኝ ዐለቱ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነበር።

በመጨረሻ ባለ 7 ኢንች ስክሪን ያለውን ገዛን። ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ስሙን አልጠራም። ከተመደበው ገንዘብ በተረፈው ለእያንዳንዳችን በልካችን ላይፍ ጃኬት ገዛን፤ ከ8 ሜትር ባነሰች ጀልባ ስንጓዝ መልበስ ግዴታ ነው። አንድ የወረቀት ካርታም ጨመርን። የወረቀት ካርታ ላይ አንዴ የታተመ ምልክት አይደበቅም፤ ባትሪም አያልቅበትም። አሁን ከመውጣታችን በፊት ማታ ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋዋለን። ልጄ የመደመር ምልክቶቹን በጣቷ እየተከተለች ትቆጥራለች፤ እኔ መንገዱን መሣሪያው ላይ አስገባለሁ።

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አብራን ወጣች። ላይፍ ጃኬቷን ሁለት ጊዜ አጠበቀች። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና፣ «ዐለቶቹ እነዚህ ናቸው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ያልተጻፈስ ካለ?» አለች። መልስ ከመስጠቴ በፊት ልጃችን ከፊት ሆና፣ «እኔ ወፎቹን እያየሁ ነው» አለች።

ቀስ ብለን ወጣን።